በሃሎዊን ሰሞን ምን ዓይነት ሆረር ጌም እንጫወት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቅምት በገባ ቁጥር ድሬዳዋና ሐረር ካሉ ተጫዋቾች ስለ ሆረር፣ ማለትም ስለ አስፈሪ ጌሞች የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬ መልሻቸዋለሁ፤ ጌሞቹ የወጡባቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሃሎዊን መቼ ነው? ከጌም ጋርስ ምን አገናኘው?

ሃሎዊን በፈረንጆች ኦክቶበር 31 ማታ የሚከበር ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 21፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ጥቅምት 20 ይውላል። መነሻው በአየርላንድና በስኮትላንድ የመከር ወራት አልቆ ብርዱ ሲገባ ይከበር የነበረ ጥንታዊ በዓል ነው። ከጊዜ በኋላ ከምዕራባውያን ክርስቲያኖች የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ጋር ተያይዞና በስደተኞች አማካይነት አሜሪካ ገብቶ፣ ዛሬ የምናውቀውን የጭምብልና የዱባ ፋኖስ መልክ ይዟል።

ድሬዳዋ ላይ ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ያልፋል፤ ለተጫዋች ግን ሰሞኑ ጥቅም አለው። ጌም አምራቾች አስፈሪ ሥራዎቻቸውን ወደዚህ ወር ማስጠጋት ይወዳሉ፤ እንደ አዲስ የተሠራው ሳይለንት ሂል 2 ለምሳሌ የወጣው በኦክቶበር 8፣ 2024 ነበር። ስቲምን የመሳሰሉ የኢንተርኔት መደብሮችም የቆዩ ሆረር ጌሞችን ዋጋ የሚቀንሱት በዚሁ ሰሞን ነው። በእኛ በኩል ደግሞ ዝናቡ አብቅቶና የድሬዳዋ ሙቀት ትንሽ ረገብ ብሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መቀመጥ የሚቻልበት ጊዜ የሚጀምረው በጥቅምት ነው። ለሆረር ጌም ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ከጎረቤት ሙዚቃ እየገባ የሚያስፈራ ጌም እስካሁን አላየሁም።

ሆረር ጌም ተጫውቼ አላውቅም። በየትኛው ልጀምር?

ከጌም ስም በፊት አንድ ነገር ልለይ። አማርኛችን ድንጋጤን፣ ፍርሃትንና ስጋትን ለያይቶ ይጠራቸዋል፤ ጌም ሲመረጥም ልዩነቱን መያዝ ይጠቅማል። ድንጋጤ በሩ በድንገት ሲበረገድ የሚሰማን ነው፤ ፍርሃት በሩን የበረገደውን ስናየው የሚይዘን ነው፤ ስጋት ግን በሩ ገና ሳይከፈት፣ ከወዲያ በኩል አንድ ነገር እንዳለ ብቻ እያወቅን የምንቆይበት ሰዓት ነው። በድንጋጤ ብቻ የሚኖር ጌም ሁለተኛ ቀን ላይ ይሰለቻል። ሰው ሆረር ጌም የሚወደው በስጋቱ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች የምመክራቸውንም የመረጥኩት በዚሁ መመዘኛ ነው።

ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ በ2017 ታርሲየር የተባለው የስዊድን ስቱዲዮ ያወጣው ሊትል ናይትሜርስ ነው። ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ትንሽ ልጅ ሆነው፣ ሁሉም ነገር ከእርስዎ ቁመት እጅግ በገዘፈበት መርከብ ውስጥ በጠረጴዛ ሥር እየተሽሎከሎኩ ያመልጣሉ። በአንደኛው ክፍል ዐይኑ የማያይ፣ እጆቹ ወለሉ ድረስ የረዘሙ ሰውዬ በድምፅ ብቻ ይፈልግዎታል፤ እዚያ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ መራመድን የሚማር ሰው የዚህን ዘርፍ ግማሽ ተማረ ማለት ነው። አራት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ በሁለት ምሽት ያልቃል።

ኳስ ወይም የተኩስ ጌም ሲጫወት ለኖረና መሣሪያ ሳይዝ መሸሽ ለሚያናድደው ሰው ግን በ2023 እንደ አዲስ የተሠራው ረዚደንት ኢቭል 4 ይሻለዋል። ጠመንጃ ስላለዎት ፍርሃቱ ይቀላል፤ ጥይቱ ስለሚያንስ ደግሞ ፈጽሞ አይጠፋም። በአውትላስት መጀመርን አልመክርም። ጥሩ ጌም ነው፤ ነገር ግን በጨካኝ ትዕይንቶቹ ምክንያት ብዙ ጀማሪዎች በመጀመሪያው ሰዓት ጥለውት፣ ሆረር የሚባለውን ሁሉ እርግፍ አድርገው ሲተዉ አይቻለሁ።

ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። በስልክ የሚያስፈራ ጌም አለ?

አለ፤ ከሁሉም አስቀድሜ የምጠራው ስኮት ካውተን የተባለ ሰው ሠርቶ በ2014 ያወጣውን ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ ነው። የአንድ ፒዛ ቤት የሌሊት ዘበኛ ሆነው ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ በካሜራ ብቻ ክፍሎቹን ይጠብቃሉ። ቀን ላይ ልጆችን የሚያዝናኑት የእንስሳት አሻንጉሊቶች ሌሊት ላይ በራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። ሁለቱን በሮች መዝጋት ይችላሉ፤ ነገር ግን በሩም፣ መብራቱም፣ ካሜራውም ከአንድ ውስን የኤሌክትሪክ ኃይል ላይ ይቀንሳሉ፤ ኃይሉ ካለቀ ክፍሉ ይጨልምና የሚመጣውን መጠበቅ ብቻ ይቀራል። በፈረቃ መብራት ያደገ ሰው ይህን ስሌት ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የቀረችውን ኃይል እያዩ ካሜራ መክፈትን መሰሰት የሻማ ቁራጭ እንደ መቆጠብ ያለ ነው። ሰዓቱ በፈረንጆች ስለሚቆጠር አይሳሳቱ፤ ፈረቃው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ያበቃል።

በነጻ የሚገኘው ግራኒ ቀላል ቢመስልም አሠራሩ ብልሃት አለው። በአንዲት አሮጊት ቤት ውስጥ ተቆልፎብዎት ለማምለጥ አምስት ቀን ይሰጥዎታል፤ የጣሉትን ዕቃ ድምፅ ሁሉ አሮጊቷ ሰምታ ወዳሉበት ትመጣለች። ማስታወቂያው ስለሚያስቸግር ዳታዎን አጥፍተው ይጫወቱ። በጥቁርና ነጭ ሥዕል የተሠራው ሊምቦና ሊትል ናይትሜርስም በስልክ ይገኛሉ። ጠንካራ ስልክና ሰፊ ቦታ ያለው ሰው በ2021 መጨረሻ ወደ ስልክ የመጣውን ኤሊየን፦ አይሶሌሽንን ሊሞክር ይችላል።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ግራፊክስ ካርድም የለውም። ምን ልጫንበት?

በዚህ ዘርፍ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው የሚጎዳው ከሚያስበው ያነሰ ነው። ሊምቦ 150 ሜጋ ያህል ቦታ ብቻ ይበቃዋል። ኤስሲፒ፦ ኮንቴይንመንት ብሪች ከ2012 ጀምሮ በነጻ የሚታደል ሲሆን፣ ካዩት የማይንቀሳቀስ፣ ዐይንዎን በጨፈኑ ቅጽበት ግን የሚቀርብ ሐውልት አለበት፤ ጌሙ የገጸ ባሕርይዎን ዐይን በየጥቂት ሰከንዱ ራሱ ስለሚያስጨፍን ሁልጊዜ ማየት አይቻልም። ሐሳቡ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር ጥቂት ነው።

በ2010 የወጣው አምኔዥያ፦ ዘ ዳርክ ዲሴንት ደግሞ በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ፣ የሥዕል ጥራቱ ከተቀነሰለት፣ ይሠራል። መሣሪያ የሚባል የለዎትም። ጨለማ ውስጥ ሲቆዩ የገጸ ባሕርይዎ አእምሮ እየታወከ ይሄዳል፤ ፋኖስ ሲያበሩ ደግሞ የሚፈልግዎት ፍጡር በቀላሉ ያይዎታል፤ የፋኖሱ ዘይትም ያልቃል። ተጫዋቹ ከሁለት ጥፋት አንዱን እያማረጠ የሚጓዝበት ይህ አሠራር ከርሱ በኋላ ለመጡት ለብዙዎቹ መንገድ ጠርጓል።

ፕሌይስቴሽን 4 አለኝ። አንድ ብቻ ቢመርጡልኝ የቱ ነው?

ትዕግሥት ላለው ሰው በ2014 የወጣው ኤሊየን፦ አይሶሌሽን ነው። በጠፈር ላይ በተተወ ጣቢያ ውስጥ አንድ ፍጡር ያሳድድዎታል፤ ሊገድሉት አይችሉም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ሥር ወይም ከግድግዳ ኋላ መደበቅ ነው ዋናው መላ። ጌሙን ልዩ የሚያደርገው የፍጡሩ አስተሳሰብ የተሠራበት መንገድ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ክፍል እርስዎ የት እንዳሉ ሁልጊዜ ያውቃል፤ ሁለተኛው ማለትም ፍጡሩን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ግን አያውቅም። የሚያውቀው ክፍል ለማያውቀው በየጊዜው ወደ አካባቢው የሚመራ ፍንጭ ይሰጠዋል፤ የቀረውን ፍጡሩ በራሱ ዐይንና ጆሮ መፈለግ አለበት። በዚህም ምክንያት አንድን ክፍል አሥር ጊዜ ቢደጋግሙት አሥር ጊዜ ይለያያል፤ ሸምድዶ ማለፍ አይሠራም።

ሃያ ሰዓት ገደማ መውሰዱን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ ማሳጠር ይቻል እንደነበር እኔም እስማማለሁ። አጠር ያለና መሣሪያ ያለበት ለሚፈልግ በ2019 እንደ አዲስ የተሠራው ረዚደንት ኢቭል 2 ይሻላል፤ በአንዱ ገጸ ባሕርይ ስምንት ሰዓት አካባቢ ያልቃል። እዚያም ሚስተር ኤክስ የተባለው ግዙፍ ሰው በፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ሲከተልዎት፣ ከማየትዎ በፊት ከላይኛው ፎቅ የእግሩን ኮቴ ይሰማሉ። ኮቴው ቀረበ ወይስ ራቀ የሚለውን እያዳመጡ ቁልፍ የሚፈልጉበት ያ ግማሽ ሰዓት ለእኔ የጌሙ ሁሉ ቁንጮ ነው።

ከጓደኞቼ ጋር ተሰብስበን መጫወት እንፈልጋለን። ጆይስቲክ ያለን አንድ ነው።

አንድ ጆይስቲክ ይበቃል። በ2015 የወጣው አንቲል ዶውን ተራራ ላይ ባለ ቤት የተሰበሰቡ ስምንት ወጣቶች ታሪክ ነው። እንደ ተጫዋቹ ውሳኔ ስምንቱም ሊተርፉ፣ ስምንቱም ሊሞቱ ይችላሉ። ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍሎ ተራው የደረሰ ሰው ጆይስቲኩን እንዲቀበል ማድረግ ነው። እኛ ቤት ስንጫወተው ታላቅ እህቴ ጆይስቲክ አልነካም ብላ፣ ማስታወሻዎቹንና ደብዳቤዎቹን ብቻ ጮክ ብላ በአማርኛ ትተረጉምልን ነበር፤ በመጨረሻ ማን እንዲሞት ማን እንዲተርፍ የወሰነችው እርስዋ ሆነች፤ የምታነብበትን ፍጥነት እንኳ እንደ ፍንጭ መቁጠር ጀምረን ነበርና። ከአንቲል ዶውን ሠሪዎች በ2019 የወጣው ማን ኦፍ ሜዳን ጆይስቲክ እየተቀባበሉ እስከ አምስት ሰው የሚጫወቱበት የራሱ ክፍል አለው።

በኢንተርኔት የሚጫወቱት ሌላ ጉዳይ ነው። ፋዝሞፎቢያ እስከ አራት ሰው ሆነው መንፈስ የሚመረምሩበት ሲሆን፣ መንፈሱ በማይክ የሚናገሩትን ይሰማል፤ ዴድ ባይ ዴይላይት ደግሞ አንድ አዳኝ አራት ሰው የሚያሳድድበት ነው። ሁለቱም የተረጋጋ መስመር ይፈልጋሉ። ኔትወርኩ በመሐል የሚቆራረጥ ከሆነ ስጋቱ ከጌሙ ወጥቶ ወደ ኔትወርኩ ስለሚዞር፣ መጀመሪያ አንድ ምሽት ሞክረው ይወስኑ።

መብራት ማጥፋት ግዴታ ነው? በኤርፎን ወይስ በቴሌቪዥን ድምፅ?

መብራቱን እንደ ልብዎ ያድርጉ፤ ድምፁን ግን አደራ። ሆረር ጌም ከሚታየው ይልቅ በሚሰማው የተሠራ ነው። በ1999 በወጣው የመጀመሪያው ሳይለንት ሂል የያዙት ትንሽ ራዲዮ ጭራቅ ሲቀርብ ብቻ ይንሿሿል፤ በጉም ውስጥ ምንም ሳይታይ ያ ድምፅ ሲጀምር የሚሰማው ነገር ከማንኛውም ሥዕል ይበልጣል። ጉሙም ቢሆን መሣሪያው ሩቅ ያለውን መሳል ስላልቻለ ጉድለቱን ለመሸፈን የገባ ነበር፤ ከጉድለት የተወለደ ነገር የጌሙ መለያ ሆኖ ቀረ።

ድምፅ ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ሐረር ጀጎል ውስጥ አክስቴ ቤት ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር ኤሊየንን በቴሌቪዥን ድምፅ እየተጫወትን፣ እርሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ትንፋሹን ይዟል። በዚያች ቅጽበት ከግድግዳው ወዲያ ጅብ ጮኸ። ሐረር ውስጥ የጅብ ድምፅ ከልጅነታችን የለመድነው ነው፤ ማታ ማታ በግንቡ ቀዳዳዎች ገብተው በየመንገዱ ሲያልፉ ማንም ከእንቅልፉ አይነሣም። የአክስቴ ልጅ ግን ጆይስቲኩን ለቀቀው። ያስደነገጠው ጅቡ ሳይሆን ድምፁ ከኋላው መምጣቱ ነበር፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁሉም ድምፅ ከፊት ለፊት ከቴሌቪዥኑ ስለሚወጣ፣ ፍጡሩ ከጀርባ ሊመጣ እንደሚችል ጆሮው አላመነም ነበር። በማግስቱ ኤርፎን ሰክተን ቀጠልን፤ ግራና ቀኙ፣ ፊትና ኋላው ሲለይ ጌሙ ሌላ ጌም ሆነ።

ስለዚህ ርካሽም ቢሆን ኤርፎን ይጠቀሙ። በፕሌይስቴሽን 4 ኤርፎኑን ጆይስቲኩ ላይ ሰክተው፣ ድምፁ በሙሉ በኤርፎን እንዲወጣ ከሴቲንግ ማስተካከል ያስፈልጋል። ብዙ ሰዎች ይወጡ ይገቡ በሚሉበት ግቢ ውስጥ ግን በአንድ ጆሮ ብቻ ይጫወቱ፤ የጠራዎትን ሰው አለመስማት ከጌሙ ውጭ ያለ ጣጣ ያመጣል።

መብራት በመሐል ሲሄድ ምን ይሻላል?

ጌም ሲመርጡ ሴቭ የሚያደርግበትን መንገድ አስቀድመው ይጠይቁ። ሊምቦ፣ ሊትል ናይትሜርስና አንቲል ዶውን በየጥቂት ደቂቃው በራሳቸው ሴቭ ስለሚያደርጉ የሚጠፋው ጥቂት ነው። ኤሊየን ግን ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉ ማሽኖች ውጭ ሴቭ አያደርግም፤ ማሽኑም እስኪያስመዘግብ ድረስ ጥቂት ሰከንድ ቆመው መጠበቅ አለብዎት፤ በዚያ መሐልም ሊገደሉ ይችላሉ። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሳብቄ ማሽኑ ከሩቅ እየታየኝ መብራት ሄዶብኛል። ያን ምሽት መልሼ አልከፈትኩትም።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ ፕሌይስቴሽን ሲሠራ ድንገት ኃይል ሲቋረጥ ሃርድ ዲስኩ ሊጎዳ ይችላል፤ ለዚህም ነው መልሰው ሲያበሩት አላግባብ ጠፍቷል ብሎ ፍተሻ የሚጀምረው። የሚችል ሰው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ ይግዛ፤ አምስት ደቂቃ ቢይዝ እንኳ ሴቭ አድርጎ በአግባቡ ለማጥፋት ይበቃል። ዩፒኤስ የሌለው ደግሞ መብራቱ እንደ ሄደ ሶኬቱን ይንቀል፤ ከመጣም በኋላ ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይታገሥ። በድሬዳዋ አቧራና ሙቀት ላይ ማራገቢያው የሚያሰማው ድምፅ ጌሙን ከሸፈነ መሣሪያው መጸዳት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ታሪኩ ሳይገባኝ ይቀራል?

ከዚህ ገጽ ከተጠቀሱት መካከል በአማርኛ የቀረበ የለም። ሆኖም ሊምቦ፣ የሊምቦ ሠሪዎች ሥራ የሆነው ኢንሳይድና ሊትል ናይትሜርስ ንግግር ስለሌላቸው ቋንቋ አይጠይቁም፤ ሦስቱም ከምርጦቹ ተርታ የሚሰለፉ ናቸው። ሳይለንት ሂል 2 እና ሶማ ግን ያለ ቃላቸው ግማሽ ናቸውና፣ ንግግሩን በጽሑፍ የሚያሳየውን ሰብታይትል አብርተው፣ የተገኘውን ወረቀት ሁሉ ቀስ ብለው ያንብቡ።

ጌሙን በሕጋዊ መንገድ መግዛት ይቻላል? ማስጫን አይቀልም?

ጌም ቤት ወስዶ በፍላሽ ማስጫን የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። ነገር ግን ነጻ የሆኑትን እነ ኤስሲፒንና ግራኒን ከዋናው ምንጫቸው ማውረድ ይቻላል፤ ቫይረስ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ነጻውን ጌም ከማይታወቅ ቦታ በማስጫን ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው በሃሎዊን ቅናሽ ስቲም ላይ በስጦታ እንዲያስገዛለት እመክራለሁ። በራሱ ሒሳብ የገዛ ሰው ደግሞ በ14 ቀን ውስጥና ሁለት ሰዓት ሳይጫወት ከመለሰው ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ላፕቶፑ ጌሙን መሸከም አለመሸከሙን ለማየት ይህ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ ዳርክዉድን ላንሣ። በ2017 ሦስት ፖላንዳውያን የሠሩት ጌም ነው፤ መግዛት ለማይችሉ ሰዎች ብለው ሠሪዎቹ ራሳቸው ጌሙን ቶረንት በሚባለው የፋይል መጋሪያ መንገድ በነጻ ለቅቀውት ነበር። ቀን ቀን ጫካ ውስጥ ዕቃ ይሰበስባሉ፣ ማታ ማታ ቤቱን አሽገው ንጋትን ይጠብቃሉ። በድንገት እየጮኸ የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም፤ ከበስተጀርባ የሚሰማ የወለል ድምፅ ብቻ ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከጌም ቤት ያየውን መጫወት ይፈልጋል። ልፍቀድለት?

በሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር ይዩ። የአውሮፓው ምደባ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 የሚሉ ቁጥሮች አሉት፤ ረዚደንት ኢቭል 2፣ አውትላስትና አንቲል ዶውን 18 ናቸው፤ የካርቱን መልክ ያለው ሊትል ናይትሜርስ እንኳ 16 ነው፤ መጨረሻው ለልጅ የሚሆን አይደለምና። ለልጅ የሚስማማው ኮስቲዩም ኩዌስት ነው፤ ታሪኩ ራሱ በሃሎዊን ምሽት የሚሆን ሲሆን፣ ጭምብል የለበሱ ልጆች ጭራቆችን ይገጥማሉ። ኔንቴንዶ ስዊች የተባለው መጫወቻ ያለው ቤት ሉዊጂስ ማንሽን 3ን ያስጀምር፤ ምደባው 7 ነው።

ጌም ቤት ያላችሁ ወንድሞቼንም አንድ ነገር ልለምን። ትልልቆቹ ሆረር ሲጫወቱ ከወንበሩ ኋላ ቆመው የሚያዩት ትንንሾቹ ናቸው፤ ጆይስቲክ የያዘው ልጅ መሸሽ ይችላል፣ ከኋላ ቆሞ የሚያየው ግን ምንም ማድረግ አይችልም፤ ስለዚህ የበለጠ የሚፈራው እርሱ ነው። ያንን ስክሪን ወደ ግድግዳ አዙሩት፣ ወይም ትንንሾቹ ወደ ቤታቸው እስኪሄዱ አቆዩት።

ሃይማኖተኛ ነኝ። አጋንንትና ጥንቆላ ያለበትን ነገር መጫወት አልፈልግም። የሚቀርልኝ አለ?

ብዙ ይቀርልዎታል። ሕሊናዎ ያልተመቸውን ነገር ለጨዋታ ሲሉ መሻር የለብዎትም፤ ሃሎዊንን ማክበርና በዚያ ሰሞን ጌም መጫወትም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኤሊየን ውስጥ የሚያሳድድዎት አውሬ ነው፤ በረዚደንት ኢቭል 2 ሙታኑን ያስነሣው በላቦራቶሪ የተሠራ ቫይረስ ነው። ከነዚህ ይልቅ ፋዝሞፎቢያን ይራቁ፤ መንፈስ መጥራትና መጠየቅ የጌሙ ሥራ ነው። ረዚደንት ኢቭል 4ም የአምልኮ ቡድን ታሪክ ስላለበት አስቀድመው ይወቁት።

ስጫወት ያቅለሸልሸኛል፤ ሌሊትም እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ምን ላድርግ?

ማቅለሽለሹ ከፍርሃት ሳይሆን ዐይን እንቅስቃሴ እያየ ሰውነት ቁጭ ከማለቱ የሚመጣ ነው፤ በመጀመሪያ ሰው ዕይታ፣ ማለትም በገጸ ባሕርይው ዐይን እያዩ የሚጫወቷቸው ጌሞች ላይ ይብሳል። ከስክሪኑ ራቅ ይበሉ፣ ክፍሉን በመጠኑ ያብሩ፣ ከሴቲንግ የዕይታውን ስፋት ጨምረው የካሜራውን መወዛወዝ ያጥፉ፤ ካልተሻለዎት ገጸ ባሕርይው ከኋላ ወደሚታይባቸው ጌሞች ይዙሩ። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ የሚያስነሣባቸው ሰዎች ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጫወቱ።

ለእንቅልፉ፣ ከመተኛትዎ አንድ ሰዓት በፊት ያቁሙ፤ ሲያቆሙም ሊደርስብዎት በተቃረበበት ሳይሆን ካመለጡ በኋላ ሴቭ አድርገው ያቁሙ። ያላለቀ ማሳደድ ነው አልጋ ድረስ የሚከተለው።

ሳይለንት ሂል 2ን በአሮጌው ልጫወት ወይስ በአዲሱ?

ይህ ተጫዋቾችን የሚያጨቃጭቅ ጥያቄ ነው። የ2001ዱ የፕሌይስቴሽን 2 ሥራ ካሜራው ብዙ ቦታ ላይ ጌሙ በመረጠለት ማዕዘን ያያል፤ ጥግ ላይ ያለውን የማየት ነጻነት አይሰጥዎትም፤ የሰዎቹም አነጋገር የሰመመን ያህል እንግዳ ነው። የ2024ቱ ካሜራ ከትከሻ ኋላ ይከተላል፤ ውጊያው ይበዛል፤ ርዝመቱም እጥፍ ገደማ ነው። ሙዚቃውን በሁለቱም የሠራው አኪራ ያማኦካ ነው። ታሪኩ አንድ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ከእርስዋ ደብዳቤ የደረሰው ጄምስ ወደ ከተማዋ ይሄዳል።

የእኔ ፍርድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው አዲሱን ይጫወት፤ ከወደደው ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ አሮጌው ይመለስ የሚል ነው። አዲሱ የጄምስን ፊት በቅርብ ስለሚያሳይ ሐዘኑን ያቀርበዋል፤ አሮጌው ግን ሐዘኑን ከሰውዬው ይልቅ በከተማዋ ላይ ያሳድረዋል፤ ይህን ሁለተኛውን ለመረዳት ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል። የቆየ ፕሌይስቴሽን 2 አቧራ ለብሶ ያስቀመጠ ሰው ካለ አይሽጠው።

ሁሉንም ተጫውቻለሁ፤ አሁን ምንም አያስፈራኝም። ምን ይቀረኛል?

የደነደነው ለድንጋጤ የሚሰጠው መልስ እንጂ ስጋቱ አይመስለኝም። ከባዱን ደረጃ ይሞክሩ፤ ረዚደንት ኢቭል 2 በከባዱ ደረጃ ላይ ሴቭ ለማድረግ የጽሕፈት መኪና ሪባን ስለሚጠይቅ፣ እያንዳንዷ ሴቭ የምትታሰብበት ወጪ ትሆናለች። ዩቲዩብ ላይ አስቀድሞ ማየቱንም ያቁሙ፤ ብዙ ሰው ጌሙን ሳይጫወተው በፊት ፈርቶ የጨረሰው እዚያ ነው።

ይህም ካልሠራ በ2015 የወጣውን ሶማን ይክፈቱ፤ የአምኔዥያ ሠሪዎች ሥራ ነው። በባሕር ወለል ላይ ባለ ጣቢያ ውስጥ የሚሆን ሲሆን፣ የሚያስጨንቀው ከፍጡራኑ ይልቅ ሰው ማለት አካሉ ነው ወይስ ትዝታው የሚለው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውንም በወሬ አያቀርበውም፤ ቁልፉን እንዲጫኑ ለእርስዎ እጅ ይተወዋል። ከ2017 ወዲህ ፍጡራኑ የማይገድሉበት አማራጭ ስለተጨመረለት ማሳደዱ የሰለቸው ሰው ታሪኩን ብቻ ይዞ መጓዝ ይችላል። እኔ በዚያ አማራጭ ለሁለተኛ ጊዜ ስጫወተው ከመጀመሪያው ይበልጥ ከብዶኛል፤ የሚሸሹት ነገር ሲጠፋ ጥያቄው ብቻ ይቀራልና። የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ማለፍ ሲጀምር ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም፤ ጆይስቲኩን ሳያስቀምጡ እስከ መጨረሻው ይቆዩ።